ካርዱ ላይ የተሰረዘው ስም

ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሶ የጠበቀኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በጥቁር ቀለም አሳምሬ ከጻፍኳቸው መስመሮች አንዱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። «ያገኘው፦» ከሚለው ቀጥሎ የነበረው የአባቴ ስም ነው። በላዩ ላይ የማዕድን ማውጫው ባለቤት ስም ተጽፏል። ከግርጌው ፊርማ አለ። መጨረሻው ላይ እንደ ጅራት ወደ ላይ የምትሰቀል ጭረት ያለችው ፊርማ። አስራ አንድ ወር ሙሉ ከእኔ ፊርማ ጎን ስታርፍ ያየኋት፣ አንዳንዴም ማንም ሳያየኝ በጣቴ የነካኋት ፊርማ ናት።

የምወደው ሰው የአባቴን ስም ሰርዞታል።

መስኮቱን ከፈትኩት። መልሼ ዘጋሁት። ጓንቴን አወለቅኩ፣ እንደገና አጠለቅኩ። አብራኝ የምትሠራው ጽዳቷ እትዬ፣ «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» ስትለኝ፣ «አቧራ ነው» አልኳት። አቧራ ቢሆን ኖሮ በብሩሽ ይነሳ ነበር።

በዚህ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የማዕድናት ክፍል መዝጋቢ ከሆንኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ድንጋይ ይመጣል። አጸዳዋለሁ፣ እመዝነዋለሁ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ከዚያ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ማን እንዳገኘው በካርድ ላይ እጽፋለሁ። ዲግሪ የለኝም፤ እጅ ግን አለኝ። ባለ ፊርማው ዲግሪ ይዞ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው፣ የአባቱን ድንጋዮች ተከትሎ። አባቱ፣ የማዕድን ማውጫው ባለቤት፣ በከተማው ሁሉ «ባለ ማዕድኑ» የሚባሉት ሰው፣ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ድንጋዮች ለሙዚየሙ ሰጥተው አዳራሹ እንደ አዲስ እየታደሰላቸው ነበር። ልጃቸው ጂኦሎጂስት ነው፤ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲለያቸው ላኩት። ሳየው፣ «ይኼ ለስላሳ እጅ ሁለት ቀን አይቆይም» አልኩ በሆዴ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ወርቃማ ድንጋይ አነሳና፣ «ይኼ ቶጳዝ ነው» አለኝ።

ተቀብዬ መዳፌ ላይ አሳረፍኩት። «አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? ሳሎናችን ውስጥ ሃያ ዓመት ቶጳዝ ሲባል የኖረ ነው!»

«ሃያ ዓመት ተሳስታችኋላ። ቶጳዝ ይከብዳል። ይኼ ኳርትዝ ነው።»

ድንጋዩን ከእጄ ወሰደ። አየር ላይ መዘነው፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ መዘነው፣ በእርሳስ አሰላ፣ ሰርዞ እንደገና አሰላ። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጦ ሳቀ። አኩርፎ ሳይሆን ደስ ብሎት ነበር የሳቀው። ተሸንፎ የሚስቅ ወንድ አይቼ ስለማላውቅ ዓይኔን የት ላድርገው? ድንጋዩን ማየት ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ «ግትሯ» እያለ ነበር የሚጠራኝ። ማጉያ መነጽራችን አንድ ነበረች፤ እሱ አይቶ ሲያቀብለኝ የዓይኑ ሙቀት ጠርዟ ላይ ይቆየኛል። አንድ ቀን የጨለማው ክፍል ውስጥ ሆነን በአልትራቫዮሌት መብራት ድንጋዮች ስንፈትሽ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አመዳም ካልሳይት እንደ ፍም ቀላ። «ተመልከቺ» አለኝ። እያየሁ ነበር። እጄን የያዘው ያኔ ነው። መብራቱን ያጠፋነው ማናችን እንደሆንን እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

ባለ ማዕድኑ ነገሩ የገባቸው አንድ ቀን ሳይታሰቡ ወደ ሥራ ክፍላችን ሲገቡ ነው። ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በመካከላችን ያለችውን አንዲት መነጽር አዩ።

«አንቺ የዚያ ጆሮው የማይሰማው ቆፋሪ ልጅ አይደለሽ?» አሉኝ።

«ነኝ» አልኩ። «ጆሮውን ያጣው እርስዎ ጋ ነው፤ ድማሚት ሲፈነዳ።»

ሰውዬው ፈገግ ብለው ወጡ። ያ ፈገግታ ቢቆጡ ይሻል ነበር ያሰኘኝ በኋላ ነው።

የአዳራሹ ዋና ጌጥ እንድትሆን የተመረጠችው ድንጋይ አኳማሪን ናት። የክንድ ርዝመት አላት፤ ቀለሟ ጥልቅ ውሃ ነው፤ እንደተወለደች በነጭ ድንጋይ መሠረቷ ላይ ቆማለች። እኔ እሷን ሳላይ ነው የማውቃት። አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆፍር ኖሮ አንድ ቀን ዶማው ባዶ ቦታ ገባ። እጁን ሲሰድ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር ዳሰሰ። ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለላት። ዳገቱን ሁሉ በጭነት መኪና ላይ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አወረዳት። ለባለ ማዕድኑ አስረከበ፣ «ጎበዝ» ተባለ፣ አለቀ። ከዓመታት በኋላ በጋዜጣ ላይ ባለ ማዕድኑ ራሳቸው ቆፍረው እንዳገኟት ሲያወሩ አነበብን። አባቴ ጋዜጣውን አጥፎ ሌላ ገጽ ገለጠ። እኔ አላጠፍኩትም።

ስለዚህ ድንጋይዋ እጄ ስትገባ ካርዷ ላይ እውነቱን ጻፍኩ። የአባቴን ሙሉ ስም። የባለ ማዕድኑ ልጅም ከጎኔ ቆሞ ሲያየኝ፣ «ደግ አደረግሽ» አለኝ። ሰኞ ዕለት ለአስራ ሁለት ቀን ወደ ማዕድን ማውጫው ሄደ። ማክሰኞ ካርዱ ተሰርዞ መጣ። የተሰረዘው ሳይሄድ በፊት መሆኑ ነው። «ደግ አደረግሽ» ባለበት አፍ!

ደብዳቤ ላከ። የድርጅቱ ሾፌር ይዞ መጣ። ሳልከፍት መለስኩት። ሁለተኛው መጣ፤ እሱንም። ሾፌሩ፣ «እህቴ፣ እኔ እኮ መላላኪያ ነኝ፣ እኔን ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?» አለኝ። ሦስተኛውን በሰውዬው ዓይን አፍሬ ተቀበልኩና ቤት ወስጄ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ አመሻሽ ላይ ፖስታውን ቀድጄ ከፈትኩት።

«ግትሯ፣» ይላል፣ «እንዳዘንሽብኝ አውቃለሁ፤ ማዘንም ይገባሻል። ፊርማው የእኔ ነው። ለምን እንደፈረምኩ ግን ልነግርሽ አልችልም፣ ቃል አለብኝ። እዚህ ሌሊት ብርዱ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ እኔን ግን የከፋኝ ብርዱ አይደለም፣ ሁለቱ ደብዳቤዎቼ እንደታሸጉ መመለሳቸው ነው። ብትሰድቢኝ እንኳ በጻፍሽልኝ። ዝምታሽን አልቻልኩትም።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ልቤ በአንድ በኩል ይሄድና በሌላ በኩል ይመለሳል። «ልነግርሽ አልችልም» የሚሉት ፍቅር ምን ዓይነት ፍቅር ነው? ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬው ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ።

ስመለስ አባቴ ደብዳቤውን ይዞ ቆሟል። እሱና እኔ የምንነጋገረው በደብተር ነው፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ በአፉ ይመልሳል፤ ቀስ ብሎ የሚያወራውን ሰው ደግሞ ከንፈሩን ያነባል። ቤታችን ውስጥ የተጻፈ ወረቀት ካየ ለእሱ የተጻፈ ይመስለዋል። አነበበው።

«ልጁን ተይው» አለኝ። ድምፁን ስለማይሰማው ቀስ ብሎ የተናገረ ሲመስለው ይጮሃል። «የለመንኩት እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶውን አንስቼ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። *ምን?*

«ሰውዬው ሾፌራቸውን ልከውብኝ ነበር። ልጅህ ያንን ካርድ ካላነሳች ሙዚየም ደጃፍ አትደርስም አሉኝ። እኔ ምን ልሁን? ልጁ ጋ ሄድኩና ስሜን አጥፋልኝ፣ ለእሷም እንዳትነግር አልኩት። እምቢ አለ። ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስል ደንግጦ ያዘኝ፣ እሺ አለኝ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ስም ምን ያደርግልኛል? አንቺ ሥራሽ ላይ ሁኚልኝ እንጂ።»

አቀፍኩት። ተናደድኩበትም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ይቻላል፤ አባት ያለው ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ደብተሩ ላይ በትልልቁ ጻፍኩለት፦ *ቅዳሜ አዳራሹ ሲመረቅ ኮትህን ልበስ። ከእኔ ጋር ትመጣለህ።*

አርብ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ መሰላል ላይ ሆኜ የመስታወት ሳጥኖች ስወለውል የእግሩን ኮቴ ሰማሁ። ከማውጫው በቀጥታ መጥቷል፤ ጫማው ጭቃ፣ ፊቱ ፀሐይ የበላው። መሰላሉ ሥር ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። አስራ አንድ ቀን ሙሉ የሰበሰብኩት ቁጣ በዚያ አስተያየት ሊቀልጥብኝ ሲል ጨርቁን ጨመቅኩት።

«አባቴ ነግሮኛል» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። ትልቅ ሸክም ከጀርባው የወረደለት መሰለ። «ተመስገን» አለ።

«ቆይ፣ አትቸኩል። አልታረቅንም።» ከመሰላሉ ወረድኩ። «ለምን ደበቅከኝ?»

«ቃል ገባሁላቸው። አንድ ትልቅ ሰው፣ የአንቺ አባት፣ ጉልበቴን ሊይዙ... ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ወደ እኔ መምጣት።»

«ሥራሽን እንዳታጪ ብዬ ነው እኮ! ይኼን ክፍል እንዴት እንደምትወጂው አውቃለሁ።»

«ባጣውስ? የማጣው እኔ አይደለሁም?» ድምፄ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተመልሶ መጣብኝ። «አባቴ ለእኔ አዘነ፣ አንተም ለእኔ አዘንክ። ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ስለ እኔ ተማከራችሁ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ 'አንቺስ ምን ትያለሽ?' ብላችሁ ጠየቃችሁኝ? አባትህ ስሙን ወሰዱበት፤ እናንተ ደግሞ የእኔን አፍ ወሰዳችሁ።»

ዝቅ ብሎ እግሩን አየ። ጭቃ ጫማው ዙሪያ ያጸዳሁት ወለል ላይ ክብ ሠርቷል።

«ልክ ነሽ» አለ በመጨረሻ። ሰበብ አልጨመረም። «ነገ ምን ላድርግ?»

«ምንም። አባቴ ከጎኔ ይቆማል። አንተ የት እንደምትቆም አያለሁ።»

እጁን ዘረጋ። ጨርቄን አነሳሁና ወደ መሰላሉ ተመለስኩ። ጀርባዬን ሰጥቼው ስወለውል መስታወቱ ውስጥ እስኪወጣ ድረስ አየሁት፤ የእኔን እንባ እንጂ የእሱን ማየት አልቻልኩም።

ቅዳሜ አዳራሹ በሰው ጢም አለ። ልጆቻቸውን ያስከተሉ ቤተሰቦች፣ አስተማሪዎች፣ ጋዜጠኞች። ሰዎች አፍንጫቸውን መስታወት ላይ ለጥፈው «ይኼስ ከመሬት ነው የወጣው?» ይባባላሉ። አኳማሪኗ በፊት ለፊቱ ግድግዳ መሀል በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍና፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆማለች። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አጠገቤ ነው። እሱ ከአባቱ ከባለ ማዕድኑ ጎን ቆሟል። አየኝ፤ አየሁት። የት እንደሚቆም ገና አልታወቀም።

ዳይሬክተሩ ጠዋት የታተመ መግለጫ ሰጥተውኝ ሳጥኑ ውስጥ እንዳስገባ አዘውኝ ነበር። የታተመውን ቢሯቸው ጠረጴዛ ላይ መልሼ አስቀምጬው ያስገባሁት የአባቴን ስም በእጄ የጻፍኩበትን ካርድ ነው። ጨርቁ ሲገፈፍ ሰዉ በአንድ አፍ «ኡ!» አለ። ባለ ማዕድኑ እያጨበጨቡ ጎንበስ አሉና ካርዱን አነበቡ። ጭብጨባቸው ቆመ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አልኩ።

ዳይሬክተሩ በሰው መሀል እየተሽሎከለኩ ደረሱና ጆሮዬ ሥር፣ «አንሺው፣ አሁኑኑ አንሺው» አሉኝ።

«አላነሳም።»

«ሥራሽን የምትፈልጊው ከሆነ...»

«ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ማን እንዳገኘው መጻፍ ሥራዬ ነው። ሰኞ የስንብት ደብዳቤ ከሰጡኝ እቀበላለሁ፤ ካርዱ ግን እዚያው ይቀመጣል።» ድምፄ የራሴ ነበር።

ባለ ማዕድኑ ወደ ሰዉ ዞረው ሳቁ። «ይቅርታ አድርጉላት፣ ልጅ ናት። ደግሞ ማስረጃ አላት? ማንም ተነስቶ አባቴ ነው ያገኘው ቢል...»

አባቴ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልሰማም። እሱ ያየው ድንጋይዋን ብቻ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ነው የተገናኙት። ወደ ጆሮዬ ተጠጋና፣ የሚያንሾካሹክልኝ መስሎት፣ አዳራሹን በሞላ ድምፅ ተናገረ፦

«ምንም አልሆነችም! አየሽ፣ ከኋላዋ ታች አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ሚካ፣ የምታብረቀርቅ ቅርፊት አለችባት፣ ከፊት አትታይም። እዚያ አጠገብ በዶማዬ ጫፍ ነክቻት ተሰነጠቀች። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት!»

አባቴ ሰው ሁሉ ለምን ወደ እሱ እንደዞረ አልገባውም፤ ደንግጦ ኮቱን ቆለፈ።

ያኔ እሱ ከአባቱ ጎን ወጣ። ያቺን አጭር መንገድ ሲያቋርጥ የሰማሁት የገዛ ልቤን ብቻ ነው። አጠገቤ ደርሶ እጁን ዘረጋ፤ ቁልፉን ሰጠሁት። ነጭ ጓንት አጠለቀ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ ድንጋይዋን በሁለት እጁ አቅፎ በቀስታ አዞራት። ጥቁሯ ሚካ ነበረች። አጠገቧ የዶማ ጫፍ የጫረው ቀጭን ስንጥቅ።

«እዚህ አለች» አለ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። «ይህቺን ድንጋይ ያገኟት እኚህ ሰው ናቸው። ስማቸውን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ሙያዬን አዋርጃለሁ። ፊርማዬን አንስቻለሁ።»

«አንተ!» አሉ ባለ ማዕድኑ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፣ የተጎዳ አባት ድምፅ። «ከነሱ ጋር ከዚህ በር ከወጣህ፣ የእኔን በር እንዳታንኳኳ።»

ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። አባቱን ይወዳቸዋል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «እሺ አባዬ» አለ። ድንጋይዋን ወደ ቦታዋ መለሰ፣ ሳጥኑን ቆለፈ፣ ጓንቱን አወለቀ። ከዚያ አባቴ ፊት ቆሞ፣ ከንፈሩን እንዲያነብለት ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ዳይሬክተሩ ሰዉን አዩ፣ ፎቶ የሚያነሱትን ጋዜጠኞች አዩ፣ በዚህ መሀል ከቢሯቸው ያስመጡትን የታተመ መግለጫ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከኋላ እትዬ ማጨብጨብ ጀመረች። እሷን ተከትሎ ሌላው አጨበጨበ። አባቴ ጭብጨባውን ባይሰማም የሚያጨበጭቡትን እጆች አየ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ያለው።

ሦስታችን በዋናው በር ወጣን። እሱ በእጁ የያዘው የሥራ ቦርሳውን ብቻ ነበር። አባቴ ትንሽ ቀደም ብሎ ይራመዳል፤ ሆን ብሎ እንደሆነ ከጀርባው ያስታውቃል።

«የት ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«አላውቅም። ጓደኛ አላጣም።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዘውም።

«አላዝንልህም። ለእኔ ብለህ ከሆነ የወጣኸው፣ አሁኑኑ ተመለስ። ይኼን ዕዳ አልሸከምም።»

«ለአንቺ አይደለም። ያንን ፊርማ ይዤ መኖር ስላቃተኝ ነው።» ቆመ። «ለአንቺ ብዬ የማደርገውንማ ካሁን በኋላ አንቺን ሳልጠይቅ አላደርግም።»

«እንግዲያው ጠይቀኝ።»

ደረጃው ላይ ሰው ይወጣል ይወርዳል። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ። «ታገቢኛለሽ?»

«እሱን አይደለም!» አልኩት። «እሱ ይቆየን። መጀመሪያ ምን እንደምፈልግ ጠይቀኝ።»

አየኝ። በማጉያ መነጽር ነገር ሲመረምር እንደሚያይ ሳይሆን፣ መልሱን ጨርሶ እንደማያውቅ ሰው አየኝ። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

በሕይወቴ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ብዙ መልስ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ሰኞ የሚጠብቀኝ ደብዳቤ አለ፣ ምናልባትም ሥራ አጥነት፤ የእሱ አባት ቁጣ ገና መጀመሩ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ሆዴን ስዳስሰው ፍርሃት የለም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመስኩ ትዝ አለኝ።

«ርቦኛል» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኖቼ እየፈሰሱ፣ መንገደኛ እያየኝ፣ ማንንም ሳላፍር። ያቺ ረሃብ ገና ብዙ ነገር እንደምትጠይቀኝ ገባኝ። ዳቦ ብቻ አይደለም፤ ይህን ሰው፣ የራሴን ቃል፣ ነገን፣ ከነገ ወዲያንም። ሁሉንም ፈለግኩት። ይህን ያህል በመፈለጌም ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ይቅርታ መጠየቅ አላሰኘኝም።